ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ማዳበሪያ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ ውስጥ፣ ከጨንቻ ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ነው። በሥራዬ ብዙ ስህተት አይቻለሁ። ይህኛው ከአእምሮዬ ያልጠፋው ግን ስህተቱ የራሴ ስለነበረ፣ ያረሙኝም ላስተምራቸው የሄድኩት ሴት ስለሆኑ ነው።

የአፈር ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው አርባ ምንጭ ነው። በዚያ ወቅት ለደጋ አርሶ አደሮች የባቄላ ሕያው ማዳበሪያ እናዳርስ ነበር። ሕያው የተባለው በከረጢቱ ያለው ጥቁር ዱቄት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንን ስለያዘ ነው። ከዘሩ ጋር ታሽተው ሲዘሩ በባቄላው ሥር ላይ ይሰፍራሉ፤ ከአየር በሚያገኙት ናይትሮጅን ተክሉን ይመግባሉ፤ የደከመውንም አፈር ያበረታሉ። ሙቀት ግን ይገድላቸዋል።

ከተቀባዮቹ አንዷ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን የሚያርሱት ብቻቸውን ነው። የአፈሩን አሲዳማነት እንዲቀንስ አስቀድመን ኖራ ብንበትንበትም፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ የዘሩት ባቄላ ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ቀርቶባቸዋል።

«ዘንድሮም እንቢ ካለኝ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ልጄ ዘንድ እወርዳለሁ» አሉኝ። በእርጋታ ነበር የተናገሩት፤ ዓይናቸው ግን ከማሳው አልተነሳም።

በመዝሪያው ሰሞን መንገዱ በጭቃ እንዳይዘጋብኝ ሰግቼ ከረጢቶቹን ከሦስት ሳምንት በፊት ሰጠኋቸው። ስሰናበታቸውም «እንደ ዘርዎ አድርገው ይጠብቁት» አልኳቸው። በቂ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

በመዝሪያው ዕለት ስደርስ ማሳው ታርሶ ነበር፤ ጎረቤቶችም ለደቦ ተሰብስበዋል። ማዳበሪያውን ስጠይቅ ወይዘሮ አስካለ በኩራት ወደ ቤት መሩኝና ከምድጃው በላይ ካለው የቀርከሃ ቆጥ ላይ አወረዱልኝ። የዓመቱ ዘር በሙሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ጢሱ ነቀዝ ያባርራል። ከረጢቶቹ ጥቀርሻ ለብሰዋል፤ ሲዳሰሱም ይሞቃሉ። አንዱን ከፈትኩት። እርጥበት ሊኖረው የሚገባው ዱቄት እንደ ጡብ ደርቋል።

«ምነው? እንደ ዘሬ እንድጠብቀው አይደል ያሉኝ?» አሉ ፊቴን አይተው።

ብያቸው ነበር። ዘራቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ግን አልጠየቅኳቸውም።

ከበሩ ላይ የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም አቶ ዳና አንገታቸውን አስግገው ከረጢቱን አዩ። «ዶክተር፣ በሽተኛው አረፈ እንዴ?»

«ዶክተር አይደለሁም» አልኳቸው።

«ለዚህ ነዋ የሞተው!» ደቦው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከመሳቅ በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

ወደ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። የቀረ አንድም ከረጢት አልነበረም፤ የሚመጣው ደግሞ የመዝሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በደቦው ፊት ተናገርኩ። ወይዘሮ አስካለ አልወቀሱኝም። ጥቂት ካሰቡ በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«እዚህ ውስጥ ያለው ሕያው ነው ብለውኛል። አምና ዳና ይህንኑ ከባቄላው ጋር ዘርቶት ነበር፤ እሱስ ሞቷል?»

«አልሞተም፤ አፈሩ ውስጥ አለ።»

«እኔ የቆጮ እርሾ ሲበላሽብኝ ከጎረቤት ነው የማመጣው።»

ያሉት ትክክል ነበር። ተሕዋስያኑ ካሉበት ማሳ አፈር ወስዶ ለሌላው ማዳረስ እንደሚቻል ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁም። በዚያች ሰዓት ግን ያስታወሱት እሳቸው ነበሩ።

አቶ ዳና ግን ሳቃቸውን አቆሙ። «የአባቴን አፈር? በቅርጫት? በረከቱ አብሮ ቢሄድብኝስ?»

«ይህ ድንበር ሳይሰመር በፊት አንድ ማሳ አልነበረም ወይ?» አሏቸው ወይዘሮ አስካለ። «ያንተ አባት የወንድምህም አባት ነው።»

አቶ ዳና በዶማቸው እጀታ መሬቱን ጥቂት ጫሩ። «አፈሬ እንደ ሙሽራ ናት፤ በከንቱ ከቤቷ አትወጣም» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቅርጫት ስሰጥሽ አንድ ቅርጫት ፍግ ታመጪልኛለሽ።»

«ሁለት አመጣልሃለሁ!»

«አንድ ብያለሁ። አማች መሆኔን አትርሺ፤ አታሳፍሪኝ።»

በቀደመው ዓመት በአቶ ዳና ማሳ ላይ የሥር በሽታ እንዳልታየ ካረጋገጥኩ በኋላ ሥራ ጀመርን። አፈሩን የባቄላው ሥር ከነበረበት ጥልቀት አወጣን፤ ፀሐይ እንዳይነካው በእንሰት ቅጠል ሸፈንነው። ደቦው በየትልሙ ከዘሩ ጋር ጨምሮ ወዲያው አለበሰው። ልዩነቱን ለማየት ዳር ላይ ሁለት ትልም ያለ አፈሩ እንዲዘራ ስጠይቅ ወይዘሮ አስካለ «እነዚህ ምን በደሉ?» ብለው አጉረመረሙ፤ ግን ፈቀዱልኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተመለስኩ። ከማሳው መካከል አንድ ተክል በጥንቃቄ ነቀልኩ። በሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች ተደርድረዋል። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት፤ ውስጡ እንደ ሥጋ ቀልቷል። ሥራ ላይ ያሉ ተሕዋስያን ምልክታቸው ይኸው ቅላት ነው። ወይዘሮ አስካለ ከእጄ ወስደው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ዳር ላይ ያሉት ሁለት ትልሞች ብቻ ቢጫ ሆነው ቆመዋል።

አቶ ዳናም ከድንበሩ ማዶ ሆነው «አፈሬን ድሬያታለሁ፤ ደህና ቤት ገብታለች!» ሲሉ ጮኹ።

መሬቱ ለእኩል አልተሰጠም። እኔም ከዚያ ወዲህ ከረጢት ከመስጠቴ በፊት ዘር የሚቀመጥበትን ቦታ እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። ጥቀርሻ የለበሰውን ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬዋለሁ፤ ጢስ ጢስ ይሸታል። ባየሁት ቁጥር መጀመሪያ አፍራለሁ፤ ቀጥሎ ደስ ይለኛል።

በቅርቡ ወይዘሮ አስካለ ደውለውልኝ ነበር። ሁለት ጎረቤቶቻቸው አፈር ሊጠይቋቸው መጥተዋል አሉኝ። ማንም ሳይነግራቸው፣ በየቅርጫታቸው ፍግ ሞልተው።