አምፕሊፋየሩን የመለስኩበት ምክንያት

የሬዲዮ ጥገና ማንም አላስተማረኝም። ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ አቃጥዬ ነው የተማርኩት። ልጆቼንም «መምህር የሌለው ሰው ስህተቱን መምህር ያድርግ፤ ዕቃን ግን አይውቀስ» እያልኩ አሳደግኋቸው። አሁን የምጽፈው ምንም ስላልተበላሸ አንድ ዕቃ ነው።

በደርግ ጊዜ ገደል አፋፍ ባለችው ከተማችን ጎረቤላ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ጉልበቱን ታመመና ዳገቱን እየወጣ ለቀብር መጥራት አቃተው። እኔ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነበረችኝ። ከመሪዋ ፊት የድምፅ ማጉያ አሰርኩ፣ ከኮርቻዋ ሥር ድምፁን የሚያጎላ ትንሽ አምፕሊፋየር ከባትሪው ጋር አገናኘሁ፣ ሰውየውንም መንዳት አስተማርኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት በሞተር እየዞረ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራ ጀመር።

አምፕሊፋየሩ ደካማ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ አልፎ አይሰማም፤ ነፋስ ካለ ከዚያም ያንሳል። የበኩር ልጄ በዚህ ይስቅብኝ ነበር።

«አባዬ፣ ያንተ ሞተር እኮ የምትሰማው ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው። ከገደል ማዶ ያሉት ለአርባው ነው የሚደርሱት!»

«ማዶ ላለው በእግር ሰው ይላክበታል። ድሮም እንዲያው ነው።»

«አንድ ትልቅ አምፕሊፋየር ብትገጥምላትስ?»

«ጩኸት ስለበዛ እውነት አይጨምርም» አልኩት። እንዲህ ያለ መልስ አላጣም ነበር። እሱም እየሳቀ ሽቦዬን ይበይድልኛል።

ከዚያ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ወደ ሰሜን መሄዱን ሰማን፤ ሌላ አልሰማንም። ቤቱ ጸጥ ሲል ያ ክርክር ናፈቀኝ። ደብረ ብርሃን መለዋወጫ ፍለጋ በሄድኩበት ቀን ዕቃ ሻጩ አንድ ትልቅ አምፕሊፋየር አሳየኝና «ወስደህ ሞክረው፤ ካልተስማማህ መልሰው» አለኝ። ባትሪ ይጨርስ እንደሆነ፣ ፊውዜ ይችለው እንደሆነ ጠየቅሁት። በልቤ ግን ልጄ ለፈቃድ መጥቶ ሞተሯን ሲያስነሳና ሲስቅብኝ ነበር የሚታየኝ። ወሰድኩት።

የዕድሩ ሰዎች ተሰብስበው አዩት።

«ይሄ ነገር ሬሳውንም ሳይቀሰቅስ አይቀርም» አለ የዕድሩ ዳኛ።

«ሬሳውን እንጃ» አለ ጥሩምባ ነፊው፤ «ከቀብር የሚቀረውን ሰነፍ ሁሉ ግን ይቀሰቅሳል፤ አንተን ጨምሮ።»

ተሳቀ። ይገዛ አይገዛ የሚለው ግን አልተቆረጠም። አንድ ሁለት ለቅሶ ይሞከርና ይወሰን ተባለ። ለመሞከሪያ ለቅሶ መጠበቅ ነውር መሆኑ ለማናችንም አልታየንም።

ኅዳር ላይ የባለቤቴ እህት ወለደችና ባለቤቴ ልታርሳት ገደል ማዶ ሄደች። በዚያው ሰሞን ጎህ ሲቀድ የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት የዕድሩ ዳኛ ከሽማግሌዎች ጋር ቆሟል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔም ለስንቱ መርዶ ነጋሪ ሆኜ በር አንኳኩቻለሁ። ምን ብለው እንደሚጀምሩ አውቃለሁ።

«ወንድሜ፣ ተቀመጥ» አለኝ ዳኛው።

«ቆሜ ልስማው።»

«ተቀመጥ እልሃለሁ።»

ተቀመጥኩ። ልጄ ጦር ሜዳ ከወደቀ ሰንብቷል።

በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንደሚባለው፣ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ባለቤቱ ሳያውቅ ይቆያል፤ ይህም ማታለል ሳይሆን ማዘን ነው። እናት ብቻዋን ሳለች፣ መንገድ ላይ ወይም ሥራ ላይ ሳለች አይነገራትም። አስቀድሞ የሚይዟት ሰዎች በግራና በቀኟ ይቀመጣሉ፤ አፍ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ እነዳኛው እኔ ቤት ሲገቡ ሌሎች ሽማግሌዎች ወደ ባለቤቴ ገደሉን ይወርዱ ነበር። ቁልቁለቱም ዳገቱም ረጅም ነው።

የጥሩምባ ነፊው ሥርዓት ደግሞ ሌላ ነው። ከሐዘንተኛው ቤት ዋይታ ሲሰማ ይነሳል። ይህ ሕግ የወጣው ለሰው ጉሮሮ ነው። ድምፅ ማዶ ደርሶ ስለማያውቅ ማዶን ማንም አስቦ አያውቅም። ያን ቀንም ዳኛው አላሰበም፣ ጥሩምባ ነፊው አላሰበም፣ ዕቃውን የገጠምኩት እኔም አላሰብኩም።

እያለቀስኩ ሳለ ሞተሯ ተነሳች። የልጄ ስም ተጠራ። በዚያ ሁሉ እንባ መካከል ጆሮዬ «ጥርት ይላል፤ አይንኮሻኮሽም» አለኝ። ሰው ምን ዓይነት ፍጥረት ነው!

ሽማግሌዎቹ ባለቤቴን ያገኟት ከእህቷ ቤት ሳይሆን ገደሉ ውስጥ ነው። ነጠላዋ የለም። አንድ ቃል ሳይነግሯት ደግፈው አመጧት።

ለቅሶው ትልቅ ነበር። ከማዶ ያልመጣ የለም። ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ሲወርዱ የነበሩ ሙስሊም ነጋዴዎች እንኳ አህዮቻቸውን መልሰው መጡና «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ብለው አብረውን ዋሉ። ብዙው ሰው «በሞተሯ ሰምተን» ይላል። ልጄ ትክክል ነበር። ያ ሁሉ ሰው ባይከበን ኖሮ እነዚያን ቀኖች እንዴት እንደምናልፋቸው አላውቅም፤ ይህን ልደብቅ አልችልም።

ሐዘኑ ትንሽ ረገብ ሲል የዕድሩ ዳኛ ቤታችን መጣ።

«እንግዲህ ያ ዕቃ ይገዛ ወይ? ሰዉ ወዶታል። አንተ እሺ ካልክ አለቀ።»

አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ከተቀመጠችበት ተናገረች። ስለዚያ ጠዋት እስከዚያች ሰዓት አንዳች አልተነፈሰችም ነበር።

«ገብስ እያበጠርኩ ነበር» አለች። «ስሙን ሰማሁ። በሱ ስም የሚጠራ ሌላ ልጅ ማን ቤት አለ ብዬ አሰብኩ። ላይ ሰፈር አንድ አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የዚያች እናት ልጅ በሆነ ብዬ ሰፌዱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከዚያ የአባቱ ስም ተጠራ።»

የአባቱ ስም የኔ ስም ነው።

ዳኛው አቀረቀረ። «እኛ እኮ ሰው ልከን ነበር፣ እቴ» አላት።

«ልካችሁ ነበር» አለች።

ዳኛው ደግ ሰው ነው፤ ብዙ ሐሳብ አቀረበልኝ። የሩቅ ዘመድ እስኪረዳ ሞተሯ ትቆይ አለኝ። ድምፁን ቀንሰን እንያዘው አለኝ። በመጨረሻ «ዕቃው ምን አጠፋ? ያጠፋነው እኛ፣ የምናቃናውም እኛ» አለኝ። ለልጆቼ ስናገረው የኖርኩት ይህንኑ ነው። ምክር ሰጪ ግን ምክሩን ራሱ መሸከም የሚያቅተው ጊዜ አለ። በማግስቱ ብሎኖቹን ፈታሁ። አሮጌውን ወደ ቦታው መልሼ አሰርኩ።

ደብረ ብርሃን ሻጩ ዘንድ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምን ጉድለት አገኘህበት፣ ጋሼ?»

«ምንም ጉድለት የለበትም።»

አላመነኝም። ከባትሪ ጋር አገናኘው፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው፣ ማይኩን እፍ እፍ አለበት። ሊናገርበት አፉን ሲከፍት ወጣሁ።