የጋላሶ አውራ ጣት ጥፍር

ጋላሶ በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ሠርግ ሲያጫውት ኖሮ የሸበተ ሰው ነው። ሉት የሚባለውን ክራር መሰል ባለ አውታር መሣሪያውን በዝይ ላባ ሲገርፈው ድምፁ ከከበሮው በላይ ይሰማ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ዘመን ከዳው። ባለጸጎቹ ላባ ጠልተው፣ ሦስት ዜማ ባንድ ላይ በጣቱ የሚያወጣ ሰው ካላገኘን አሉ። የሠርጉ ጥሪ ቀረ። አሁን የቀረው ተስፋ የሐር ነጋዴው ሚስት እመቤት ኢፖሊታ ለልጇ አስተማሪ መፈለጓ ብቻ ነው፤ ለሳን ፔትሮኒዮ በዓል ዋዜማ ልትፈትነው ቀጠረችው።

ችግሩ አውታሮቹ ጥንድ ጥንድ መሆናቸው ነው። ጥንዱ ባንዴ ተነክቶ እንደ አንድ ካልጮኸ ዋጋ የለውም። ትንሿ ጣት የሉቱ የፊት ሰሌዳ ላይ ታርፋለች፤ አውራ ጣት ጋደም ብሎ በሥጋው ሁለቱንም ተጭኖ ያልፋል። ጋላሶ ይህ አልጠፋውም። ግን ላባውን ሲያስጥሉት «እግዜር እጄ ላይ ላባ አብቅሎልኛል!» ብሎ የአውራ ጣቱን ጥፍር አሳደገ፤ የወይራ ዘይት እየቀባ ይንከባከበዋል። ጥፍሩ አንዷን አውታር ቀድሞ ይቧጥጣል፣ ሁለተኛዋ ዘግይታ ትከተላለች። ጠዋት ቲንቅ-ታንቅ፣ ማታ ቲንቅ-ታንቅ። ጎረቤቱ ተማረረ፤ ከሁሉ የባሰ የተማረረው ግን ራሱ ጋላሶ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁረጠው አልኩህ እኮ!» አለችው ሚስቱ ዲያማንቴ ባቄላ እየፈለፈለች።

«አንቺ ደግሞ ስለ ሉት ምን ታውቂያለሽ?»

«እኔማ ምን አውቄ! ያለኝ ጆሮ ነው፤ እሱንም ልታደነቁረው ነው።»

«ጥፍሬ ከሄደ ድምፄም አብሮ ይሄዳል!»

«ይሂዳ! በሰላም ይግባ!»

እልኸኛ ነውና ሳይቆርጥ ሄደ። እመቤት ኢፖሊታ ገና ከጅምሩ እጇን አነሳች።

«ይብቃ። ሁለት ድምፅ ሰማሁ፤ እኔ የፈለግሁት አንድ ነው።»

«እመቤቴ፣ እጄ ስላልሞቀ…»

«እንግዲያው ሂድና አሙቀው።»

ደጅ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ንዴቱ ሉቱን ድንጋዩ ላይ ከስክስ ከስክስ አለው። በሉቱ ፈንታ ጥፍሩን በጥርሱ ነክሶ ገነጠለው፤ ጫፉ ደማ። በዚያው በሚያመው ሥጋ ጥንዱን ተጭኖ አለፈ። ሁለቱ አውታሮች አንድ ሆነው፣ ሞላ ብለው ጮኹ። ደግሞ ሞከረ። እንባው መጣ።

ላይ መስኮት ተከፈተ። «ማነው እንዲህ የሚጫወተው? አስገቡልኝ!» አለች እመቤት ኢፖሊታ።

«ጋላሶ ነው፣ እመቤቴ!» አለ ዘበኛው።

«ሞኝህን ፈልግ! እሱንማ አሁን አይደል ያሰናበትነው?» መስኮቱ ተዘጋ።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ እኮ!» ብሎ ጮኸ ጋላሶ።

«በል በል፣ እመቤቴን አስቆጣህብኝ» አለና ዘበኛው በሩን ቀረቀረው።

ቤት ሲገባ ዲያማንቴ መጀመሪያ ያየችው ጣቱን ነው።

«ቆረጥከው?»

«ቆረጥኩት።»

«ተመስገን! መቼ?»

«ከፈተናው በኋላ።»