የምስሯ ሴትዮ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ሰፌድ ይዤ ነበር። መርካቶ፣ እህል በረንዳ ካለችው ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ ከምስር ውስጥ ጠጠር እለቅማለሁ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። ገዢ መስለውኝ፣ «ክክ ነው ድፍን የፈለጋችሁት?» አልኳቸው። ሴቲቱ መታወቂያ አሳየችኝና፣ «ይነሱ፣ ለጥያቄ ይፈለጋሉ» አለችኝ።

ሰፌዱን ለጎረቤቴ አቀበልኩት። ጎረቤቴ ከስልጤ የመጡ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ነጋዴ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሱቆቻችን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሰፌዱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ሱቁን እኔ አያለሁ፣ እህቴ» አሉኝ። ሌላ ለማለት ጊዜ አልነበረም።

ሽርጤን እንኳ አላወለቅኩም። ጠዋት በርበሬ መዝኜበት ስለነበር መኪናው ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው ደጋግሞ አስነጠሰው። «ይማርህ» አልኩት።

ለምን እንደያዙኝ አውቃለሁ። ልጄ የሚፈርሱ ቤቶችን በስልኩ እየቀረጸ ይናገር ነበር። ኢንተርኔት ላይ ሲለቀው ብዙ ሰው ያየዋል። እኔ ከመያዜ ቀደም ብሎ ቤት መግባት አቆመ። የት እንዳለ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ፖሊስ ጣቢያው እዚያው መርካቶ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ስልኬን፣ ነጠላዬንና የአንገቴን መስቀል ተቀበሉኝ። «ረጅም ጨርቅ አይገባም» አለኝ ተቀባዩ። ሽርጤን አገላብጦ አየና ማሰሪያውን በምላጭ ቆርጦ ጨርቁን መለሰልኝ።

ያስገቡኝ ከጀርባ በኩል ያለች ክፍል ውስጥ ነው። ቀድሞ ዕቃ ቤት ነበረች መሰለኝ፤ ርጥብ ጆንያ ትሸታለች። ግድግዳዋ እስከ ትከሻዬ ድረስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። መስኮት የላትም፤ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር መዳፍ የምታህል ክፍተት አለች፤ ብርሃን የሚገባው በዚያች ነው። ወለሉ ላይ ስፖንጅ ፍራሽና ቢጫ ጀሪካን አለ። የሴቶቹ ክፍል ሞልቷል አሉኝ። ሴቶች ሲስቁ ግን እሰማ ነበር፤ ብዙ አይመስሉም።

ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው ያስላል። ደረቅ ሳል ነው። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ነሳኝ። በኋላ ሲያቆም እጨነቅ ጀመር።

ከሁሉ የሚከብደው ምሳ ሰዓት ነው። በዚያ ጣቢያ ለእስረኛ ምግብ ያመጣ ሰው በር ላይ ፖሊስ ፊት ከምግቡ መቅመስ አለበት። ከቀመሰ በኋላ ምግቡ ይገባል፤ የእስረኛውም ስም ይጠራል። «ቅመሺ!» ሲባል ከክፍሌ ይሰማኛል። ከዚያ ስም። እንደገና «ቅመስ!»፣ እንደገና ስም። ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። የእኔ ስም አይጠራም። ግርግሩ ያልቅና የመስጊዱ አዛን ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበቅ ነገር የለም። የጣቢያውን ዳቦ በውሃ እበላለሁ። ዓቢይ ጾም ስለነበር ዳቦና ውሃ አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላው ነው።

ጠዋትና ማታ ወደ ሽንት ቤት የምትወስደኝ ወጣት ፖሊስ ነበረች። ማስቲካ ከአፏ አይጠፋም።

«ቶሎ ቶሎ ማዘር፣ ሆቴል አይደለም» ትለኛለች።

አንድ ቀን፣ «ስሜን ጠርተውት ሳልሰማ ቀርቼ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እርስዎን የጠየቀ የለም።»

«ጎረቤቶቼ እንኳ?»

«መርካቶ እኮ ነው ማዘር። ሰው ሥራ ላይ ነው» አለችኝ። በክፋት አይደለም የተናገረችው።

በሽርጤ ኪስ ስፌት ውስጥ ጥቂት ምስር ተሸጉጦ አገኘሁ። እነሱን ከአንዱ መዳፌ ወደ ሌላው እያሳለፍኩ እግዚኦታዬን እቆጥርባቸው ነበር። ድምፄን አላወጣም። ሲያልቁ እንደገና እጀምራለሁ። የቀረኝ ሥራ እሱ ብቻ ነበር።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነው። አንቱ ይለኛል። ማተቡ ከሸሚዙ ኮሌታ በላይ ይታያል። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ወደ እኔ ያስጠጋዋል።

«ልጅዎ ሌላ ስልክ አያነሳም። የእርስዎን ግን ያነሳል። ሱቅ ና ይበሉት፣ በቃ። ከዚያ ነጠላዎን ለብሰው ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ።»

«ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እናነጋግረዋለን።»

«እኔን እንዳነጋገራችሁኝ?»

ፈገግ አለ። «እርስዎ ምን ሆኑ? ማን ነካዎት?»

እውነቱን ነው። ማንም አልነካኝም።

ልጄ ድምፄን ከሰማ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስጠራው «አቤት» ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ስለዚህ ስልኩን አልነካውም ነበር። እጄን ሽርጤ ሥር አድርጌ እቀመጣለሁ።

ቅዳሜ ዕለት መርማሪው ስልኩን አላስጠጋም። እስክሪብቶውን እያዞረ፣ «ጎረቤትዎን አነጋገርነው» አለኝ። «ያ ሽማግሌ። አላውቃትም አለ።»

«ጋሼ?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ሰው ምን ያድርግ፣ ንግዱ አለበት። እርስዎ እዚህ ለማን ብለው ነው የሚቀመጡት? ነገ እሁድም ቢሆን እመጣለሁ። ያስቡበት።»

ወደ ክፍሌ ስመለስ ያ ቃል አብሮኝ ገባ። ሰፌዱን በሁለት እጃቸው ይዘው የቆሙት ሰውዬ ናቸው አላውቃትም ያሉት። የምሳ ሰዓቱ ዝምታ ትርጉሙ ይኸው ነው አልኩ። ሰው ትቶኛል። ሰው ሲተወኝ ዝም ያለው እግዚአብሔርስ? ይህን ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረኝም፤ ግን ልቤ ጠየቀው። ምስሮቹን ከኪሴ አወጣሁና ወደ ጥጉ በተንኳቸው። በዚያ ምሽት አልጸለይኩም። ልጅ ሆኜ ታምሜ ካልሆነ በቀር ሳልጸልይ የተኛሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ከመተኛቴ በፊት ለፖሊሷ፣ «ለመርማሪው ንገሪልኝ፤ ነገ እደውላለሁ» አልኳት።

ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። «ይሻላል ማዘር» አለች። ፊቷ ግን ይሻላል አላለም።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ጸጥታ ነው። በሌላው ቀን ገና ሳይነጋ የጭነት መኪናው ያጓራል፤ ጋሪ ገፊው «ዞር በሉ! ዞር!» ይላል፤ ጆንያ ሲወረወር መሬቱ ድም ይላል። እሁድ መርካቶ ዝግ ነው፤ ከታሰርኩ ወዲህ የመጀመሪያው እሁድ ነበር። ያን ጸጥታ ከሱቅ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነኛ።

በጣሪያው ክፍተት የቅዳሴ ድምፅ ገባ። በድምፅ ማጉያው ነው፤ ነፋሱ አንዴ ያመጣዋል፣ አንዴ ይወስደዋል። የዲያቆኑን ድምፅ ለየሁት። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ቃሉን ሲጨርስ ትንሽ ወደ ላይ ያነሳዋል። የእኛ ደብር ነው። በየቀኑ እዚያው አጠገቤ ነበረ ለካ፤ የገበያው ጩኸት ሸፍኖት ነው።

ዲያቆኑ በግዕዝ ስለ ታመሙት ለምኑ አለ፤ ሕዝቡ መለሰ። ስለ መንገደኞች ለምኑ አለ፤ ሕዝቡ መለሰ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ግን ያወቅኩት አልመሰለኝም።

ስለ ታሰሩት ለምኑ አለ።

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብዬ እመልሳለሁ። የታሰረ ሰው አላውቅም ነበር፤ የምመልሰው ሩቅ ላለ፣ መልኩን ለማላየው ሰው ነበር። ያን ጠዋት ሕዝቡ ሲመልስ ግን የሚለመንለት ሰው እኔ ነበርኩ። ጎረቤቶቼ ቢያውቁኝም ባያውቁኝም፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እግዚአብሔር እንዲፈታኝ እየለመነ ነበር። ልመናው ደግሞ ያን ዕለት የተጀመረ አይደለም። እኔ ከመወለዴ በፊት የነበረ ነው። ሳልታሰር አስቀድሞ ታስቦልኛል።

ተነሳሁ። ከጀሪካኑ ውሃ አፍስሼ ፊቴን ታጠብኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ነጠላ የለኝም፤ ሽርጤን አራገፍኩና በራሴ ላይ ጣል አድርጌ ጫፎቹን ደረቴ ላይ አገጣጠምኳቸው። አጭር ነው፤ ክርኔ ላይ አልደረሰም። ምሥራቁን በብርሃኑ ለየሁትና ቆምኩ።

ከዚያ ምስሮቹ ትዝ አሉኝ። ጥጉ ላይ ተንበርክኬ በጣቴ እየዳበስኩ ከአቧራውና ከጠጠሩ ለየኋቸው። ምስር መልቀም ሥራዬ ነው። ኪሴ ከትቻቸው ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ሕዝቡ ሲመልስ እኔም መለስኩ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ። ከግድግዳው ማዶ የሚያስለው ሰውም አብሮኝ መለሰ፤ ወይም አሳለ። አልለየሁትም።

በሩ ተከፈተ። ፖሊሷ ናት።

«ማዘር፣ መጥቷል…» አለችና እግሬንም ሽርጤንም አየች። ማስቲካዋን ከአፏ አወጣች። «እሺ፣ ይጨርሱ» አለች። በሩን ሳታጋጨው ዘጋችው።

መርማሪው ሻይና እንቁላል ሳንዱች ይዞ ጠበቀኝ። የራሱን መብላት ጀምሯል።

«ይብሉ። እንኳን አሰቡበት» አለኝ።

«ጾም ነው፣ ልጄ።»

ማላመጡን አቆመ። ሳንዱቹን አየው፤ በወረቀቱ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ስልኬንም አስጠጋው።

«አልደውልም» አልኩት።

«ትናንት እደውላለሁ ብለው የለ?»

«ብዬ ነበር።»

«ማን አነጋገረዎት?» ብሎ ወደ ፖሊሷ ዞረ። እሷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ማንም። ቅዳሴ ሰማሁ።»

መስኮቱ ዝግ ነበር። ቢሆንም ለመስማት ያህል ራሱን ዘንበል አደረገ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ኪሱ ከተተው።

«እንግዲያው ይቆያሉ» አለኝ።

«እቆያለሁ።»

ቆየሁም። ብቸኝነቱ አልቀረልኝም፤ የምሳ ሰዓቱም አልቀለለም። ስሜ አንድም ቀን አልተጠራም። ግን ሽርጤን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ የምቆምበት ቦታ ነበረኝ። ፋሲካንም እዚያው ዋልኩ። ፖሊሷ በሶፍት ጠቅልላ የተቀቀለ እንቁላል አመጣችልኝና፣ «አሁን ይበላል አይደል?» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከዚያ የጣፈጠ ፍስክ በልቼ አላውቅም። የሚያስለው ሰው ግን ከፋሲካ በፊት ድምፁ ጠፍቶ ነበር። የት ሄደ ብዬ ፖሊሷን ብጠይቃት፣ «እሱን አይጠይቁኝ» አለችኝ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ «ይሂዱ» ተባልኩ። ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ፣ ለምን እንደፈቱኝም አልነገሩኝም። ነጠላዬን መለሱልኝ። መስቀሉ ጠፍቷል አሉ።

ወደ እህል በረንዳ በእግሬ ሄድኩ። ሱቄ ተከፍቷል። ጋሼ በእኔ ወንበር ተቀምጠው ለአንዲት ሴት ሽሮ ይመዝናሉ። ሲያዩኝ ከሚዛኑ ላይ እጃቸውን ማንሳት ረሱ።

«አላውቃትም ብለዋል አሉኝ» አልኳቸው። ከሰላምታ በፊት የወጣኝ ይኸው ነው።

«ማን? እኔ?» ብድግ አሉ። «በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዤ በር ላይ ስቆም ማነህ ይሉኛል። ጎረቤቷ ነኝ እላለሁ። ቅመስ ይሉኝ ይሆን ብዬ ክዳኑን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ቅመስ ሳይሉኝ ይመልሱኛል።»

ማልቀስ አልፈለግኩም። «የጾም ነበር?» አልኳቸው።

«የጾም እንጂ! ሽሮ ነው። ከራስሽ ሱቅ የወሰድኩት።»

ሳቅን። የምትገዛው ሴት ግራ ገብቷት አየችን። ከኪሴ ምስሮቹን አወጣሁና ወደ ጆንያው መለስኳቸው። ማን እንደበላቸው አላውቅም።

በመጀመሪያው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከጎኔ የምትቆመው ሴት አቅፋ አልለቅ አለችኝ። ጎጃም በረንዳ ቅቤ ትሸጣለች።

«ጾም ስለነበር ቅቤ የሚገዛ የለ፤ ስለምንልሽ ነው የከረምኩት» አለችኝ። «ግን ለካ የክርስትና ስምሽን ጠይቄሽ አላውቅም። በምን ስም ልጥራሽ? ጨነቀኝ። ‹የምስሯ ሴትዮ› ብዬ ነው የለመንኩት። ያውቃት የለ?»

«ያውቃታል» አልኳት።

ልጄ ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የት እንዳለ አልጽፍም።

አሁንም እሁድ እሁድ እዚያው ቦታዬ ላይ እቆማለሁ። ከውጭ መኪና ሲያልፍ ወይም ልጅ ሲያለቅስ ሐሳቤ ይበተናል። ዲያቆኑ ስለ ታሰሩት ሲል ግን ይሰበሰባል። የዚያን ሰው የክርስትና ስም አላውቅም፤ ክርስቲያን ይሁን አይሁንም አላውቅም። «ከግድግዳው ማዶ የሚያስለው» እላለሁ። ከዚያ ከሕዝቡ ጋር እመልሳለሁ።