አጎቴ ከሰማይ የሚጠብቁት ወሬ

ባለፈው ኅዳር፣ አጎታችን በተቀበሩበት ጠዋት፣ እኔ ከጻፍኩት የሕይወት ታሪካቸው ላይ ታላቅ ወንድሜ አንድ አንቀጽ በእስክርቢቶ ሰረዘ። "ሰው አብደው ነበር እንዲላቸው ነው?" አለኝ። በለቅሶ ላይ መጨቃጨቅ አሳፍሮኝ ተውኩት፤ አንቀጹ ሳይነበብ ቀረ።

የሰረዘው ይህን ነው። አጎቴ ያዮ ጫካ አጠገብ ንብ ያረቡ ነበር። ከምኖርበት ከመቱ ከተማ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር፣ ገና ከሚኒባስ ስወርድ፣ ስለ ልጆቼ እንኳ ሳይጠይቁኝ፣ በኦሮምኛ አንቺ ልጅ ብለው፣ "ያ ኢንተላ፣ እዚያ ላይ ፍጡር አገኙ ወይ?" ይሉኛል። ስለ ሌሎች ዓለማት በሬዲዮ ከሰሙ ወዲህ ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

አንድ የበዓል ቀን ወንድሜ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ "ጋሼ፣ ቢገኝስ፣ እዚያ ማር አለ?" ብሎ አሾፈባቸው።

"ማር ካለ ያንተ ዓይነት በላተኛም አይጠፋም" አሉት። ከዚያ ዛፍ ላይ ወደተሰቀሉት ቀፎዎቻቸው ጠቆሙ። "ሃያ ቀፎ ሰቅሎ በአንዱ ብቻ ንብ የገባለት ሰው ሙያ የለውም። ያን ሁሉ ኮከብ የሰቀለውን እግዜርን ሙያ የለህም ልትለው ነው?"

ሰዉ የሳቀው በወንድሜ ነበር። እስከ ዛሬ የረሳው አይመስለኝም።

አሁን ያዮ ስወርድ ሁሉም ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። ደህና ናቸው እላለሁ። ሌላ ነገር የሚጠይቀኝ የለም።

በአርባቸው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተነስቼ የተሰረዘውን አንቀጽ በአማርኛም በኦሮምኛም አነበብኩት። ወንድሜ ተነስቶ ወጣ። እኔ እስከ መጨረሻው አንብቤ ተቀመጥኩ።