የፋናዬ ነጠላ ጫፍ

ፋናዬን የማያውቃት የመተማ ሕፃን አልነበረም። የራሷ ልጅ ባይኖራትም ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አምጣ እንደወለደችው ትሳሳለት ነበር። ሕፃን ባየች ቁጥር ቁጢጥ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይናሩን ትጠርግለታለች፤ ያንዱን ጠርጋ ወደ ሌላው። ማምለጥ ብሎ ነገር የለም!

አብልጣ የምትወደው የጎረቤቷን የሐሚዳን ልጅ ዋሲላን ነው። ዋሲላ ግን በየዓመቱ ማሽላ ደርሶ ዝንብ ሲበዛ ዓይኗን ያማታል። አምናማ ዓይኗ አልገለጥ ብሎ፣ ሐሚዳ «ልጄ ታወረችብኝ!» እያለች ስታለቅስ ከርማለች።

ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ከሱዳን በኩል ፈንጣጣ መጣ ተባለ። ገበያው ተዘጋ፣ በየደጁ እሾህ ታጠረ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይገባ ታዘዘ። ሰው ሁሉ ስለ ፈንጣጣው ሲጨነቅ ፋናዬ የምትጨነቀው ስለ ዋሲላ ዓይን ነበር። ጠዋት ማታ በአጥሩ ላይ ትጮኻለች።

«ሐሚዳ! ዓይኗን ማን ይጥረግላት?»

«እኔው በውኃ አጥባታለሁ፣ እትዬ። አያስቡ!»

«ውኃ ምን ያውቃል!»

ፈንጣጣው ሰፈሩን ሳይነካ አለፈ። እሾሁ ሲነሳ ልጆቹ እየሮጡ መጡ። ፋናዬ ነጠላዋን አዘጋጅታ ቁጢጥ ብትል የሚጠረግ ዓይናር አጣች። ማሽላው ደርሷል፣ ዝንቡም እንደ ወትሮው ነው፣ የሰፈሩ ልጆች ዓይን ግን ጥርት ብሏል።

«ጸሎቴ ነው» አለች ደስ ብሏት። ለናፍቆቷ ያህል ግን ጠረገቻቸው፤ መጀመሪያ ከኮኪት መንደር በእንግድነት የመጣችውን፣ ዓይኗ የቀላውን አገኘሽ የምትባል ልጅ፣ ቀጥሎ ዋሲላን።

በሳምንቱ ዋሲላ ዓይኗ አብጦ ተነሳች። ሐሚዳ የፋናዬን ነጠላ ጫፍ አየች። ፋናዬም ጎንበስ ብላ አየችው። ዓይናር ደርቆበት ክችች ብሏል።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለች፤ ልቧ ስብር አለ። «ይህን ሁሉ ዘመን እኔ ነኝ?»

«በፍቅር እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እንዲህ ያለ ፍቅር ገደል ይግባ!» ብላ መቀስ ልታመጣ ገባች።

ሐሚዳ እያጠበቻት የዋሲላ ዓይን ተገለጠ። እሑድ ፋናዬ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትወጣ ልጆቹ ደጅ ይጫወታሉ፤ በእያንዳንዳቸው አንገት ላይ የየራሳቸው ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል። ባሏ አቶ ሰጠኝ ትከሻዋ ላይ የቀረችውን እራፊ አይቶ ደነገጠ።

«ነጠላሽን ምን በላው?»

«ወለደልኝ» አለች።