መርከቧ እስክትመጣ

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በጃንሆይ ጊዜ ጋምቤላ ውስጥ ላምባ ነጋዴ ነበሩ፤ በሰፈራችን ሁለት ፋኖስ ሲበራ ማየት ግን አይወዱም። አንድ ቀን ጎረቤታችን አኙዋኳ እማማ ዓሣቸውን ይዘው እኛ ቤት ያመሻሉ፤ በማግስቱ እኛ የራሳችንን አጥፍተን እሳቸው ዘንድ እንሄዳለን።

“ሱቁ ሙሉ ላምባ እያለ?” ስላቸው፣ “መርከቧ እስክትመጣ አንዱ ይበቃናል” ይሉኛል።

በዓለም ጦርነት ጊዜ ከሱዳን በባሮ ሽቅብ ላምባ የምታመጣው መርከብ ቀርታ፣ ሰፈርተኛው በተራ አንድ ፋኖስ እያበራ ነበር የከረመው። እኔ ነፍስ ሳውቅ ላምባው ከጎሬ በመኪና ነው የሚገባው፤ መርከብ አይቼም አላውቅ። እሳቸው ግን ከዚያ ብርሃን አልወጡም። ጭናቸው ላይ ጋደም ብዬ ከእማማ ጋር ሲያወጉ ስሰማ፣ ወሬው ከወንዙ ድምፅ ጋር እየተቀላቀለ፣ ቤቱ ራሱ ባሮ ላይ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር።

በቀበርናቸው ዕለት ሲመሽ ፋኖሱን ለኩሼ ከባዶ በርጩማቸው አጠገብ አስቀመጥኩና ወደ ደጅ ወጣሁ። ሰፈሩ በሙሉ ጨልሟል። ጎረቤቱ ሁሉ እራቱን እንደያዘ ወደ እኛ ይመጣል፤ እማማ ከፊት ናቸው።

“ሁላችንም አጥፍተናል” አሉኝ። “ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።”