በእትዬ ሃጊኖ አፍ ውስጥ የተገኘችው መለከት

ኪሳኩ ኦሪቤ መኪና መንዳት አይችልም ነበር። መንዳቱ ይቅር፤ ተሳፍሮ እንኳ ሁለት መታጠፊያ ካለፈ ፊቱ እንደ ጎመን ይሆናል። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ በታክሲ መጣች፣ እሱ በብስክሌት ከኋላ ተከተላት። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ በሺዙኦካ ከተማ፣ በእኛ ሰፈር፣ የሁለት መቶ አሥራ ሰባት የእሽቅድምድም መኪና ባለቤት የነበረው። ትልቁ ከክንድ አይረዝምም፣ ትንሹ ክብሪት ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሁሉንም ቆርጦ፣ አጣብቆ፣ ቀለም ቀብቶ የሠራቸው ራሱ ነው።

እኔ ዋራሺና እባላለሁ፤ ሩዝ ነጋዴ ነኝ። ሱቄና የኪሳኩ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። በከተማችን አባቶቻችን እንጨት ሲጠርቡ ኖሩ፤ ልጆቻቸው ወደ ፕላስቲክ ዞሩና መኪና በካርቶን እያሸጉ ለዓለም ይልካሉ። ስለዚህ ሞዴል የሚሠራ ሰው እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። ኪሳኩ ግን ልክ አልነበረውም። አንዱ መኪናው ጭቃ የተረጨ የበረሃ ተወዳዳሪ ነው፣ አንዱ የዝናብ ጎማ ያደረገ፣ አንዱ ሃያ አራት ሰዓት ሮጦ የጠቆረ፣ መብራቱ ላይ ትንኝ የደረቀበት። ትንኞቹን በመርፌ ጫፍ ነው የሚስላቸው።

“ምናለ ንጹሕ አድርገህ ብትተወው?” ብዬ ጠይቄው ነበር።

“ያልሮጠ መኪና ምን ያደርጋል?” አለኝ፣ የብስክሌቱን ጎማ እየነፋ።

እንጀራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። የጥርስ ሐኪሙ የድድ ቅርጽ ይልክለታል፤ እሱ ደግሞ ሮዝ የፕላስቲክ ሊጥ አቡክቶ፣ በጄሶ ቅርጽ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ቀቅሎና ሞርዶ ጥርስ አድርጎ ይመልሳል። ክፋቱ፣ ለጥርሱም ለመኪናውም ያለው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነው።

ሚስቱ ቶሚኤ ሁለት ሕግ ነበራት። አንደኛው፣ “አዲስ ካርቶን ከገባ አሮጌ ካርቶን ይወጣል” የሚል ነው። ሁለተኛው፣ “ጥርስና መኪና አንድ ላይ አይሠራም።” ኪሳኩ ሁለቱንም ሰማ፤ ሁለቱንም ጣሰ። ለአንደኛው ተባባሪው እኔ ነበርኩ፤ ያልተከፈቱ ካርቶኖቹን ከሩዝ ጆንያዎቼ ጀርባ እደብቅለታለሁ።

በፈረንጆች 1981 ጥቅምት ላይ ነው። ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ዓመታት ያለፉት አንድ ትልቅ ቀይ መኪና፣ ሊዘጋ ካለ ሱቅ አገኘ። ሞተሩ ላይ አሥራ ሁለት መለከቶች ይተከላሉ፤ ሞተሩ አየር የሚስብባቸው ናቸው። እያንዳንዷ ከብረት የተሠራች፣ ውስጧ ክፍት፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ። ኅዳር መግቢያ ላይ በሰፈሩ አዳራሽ የሞዴል ትርኢት ስለነበር ኪሳኩ እንቅልፉንም ምግቡንም ረሳ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንዱን ተከለ። አሥራ ሁለተኛዋን በወረንጦ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ ጎንበስ ሲል፣ ቶሚኤ በሩን ከፈት አድርጋ “ሻይ!” አለች። መለከቷ ከወረንጦው ተፈትልካ ሄደች።

ተጠራሁና ሦስታችንም በጉልበታችን ወለሉን ዳበስን። ምንጣፉ ተገለበጠ፣ ትቢያው በወንፊት ተነፋ፣ የኪሳኩ ሱሪ ኪስ ሁሉ ተራገፈ። የለችም።

“እዚህ ከሌለች ከሌሎቹ ካርቶኖችህ ጋ ሄዳ ይሆናላ” አለች ቶሚኤ፣ ቀና ሳትል። “ከዋራሺና ሩዝ ጀርባ።”



“መቼ ነው ያወቅሽው?” አለ ኪሳኩ።

“አምስት ዓመቴ! ‘ኧረ እትዬ ቶሚኤ፣ ከኋላ አይንኩ፣ ከፊት ይውሰዱ’ እያለ የሚለማመጥ ሩዝ ሻጭ የት አገር አይታችኋል? ይልቅ እዚያ ጥግ ፈልጉ!”

ሁሉንም ጥግ ፈለግን፤ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ የተቀመጠውን የጥርስ ቅርጽ ግን ማንም አላየውም። ኪሳኩ በብስጭት ሊጡን ጠቀጠቀበት፣ ቀቀለው፣ ከውጭ በኩል ብቻ አለስልሶ በማግስቱ ለሐኪሙ ላከው።

ያ ጥርስ የእትዬ ሃጊኖ ነበር። እትዬ ሃጊኖ እኔንና ኪሳኩን ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩን፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ የሰፈሩን ማኅበር የሚመሩ ሴትዮ ናቸው። ሲስቁ ያየ ሰው የለም። በስብሰባ ላይም ተናግረው ሳይጨርሱ ግማሹ ሰው ያንቀላፋል፤ ሌላው ግማሽ ስለ ዓሣ ዋጋ ያወራል።

በሁለተኛው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። እትዬ ሃጊኖ ተነሡ።

“ስለ ቆሻሻ ነው” አሉ። ‘ስ’ ላይ ሲደርሱ ከአፋቸው ቀጭን ፉጨት ወጣች፤ ፊውት!

ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ። እትዬም ደንገጥ ብለው እንደገና ጀመሩ። “ሰኞ”፣ ፊውት! “የሚቃጠለው ቆሻሻ ይወጣል። ሐሙስ”፣ ፊውት! “የማይቃጠለው።” በሦስተኛው ፉጨት የዓሣ ሻጩ ውሻ በሩን በአፍንጫው ገፍቶ ገባና እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለ። “ሂድ ውጣ፣ አንተ ሰነፍ!” ሲሉት ጭራሽ ጭራውን ቆላ፤ እሱ የሰማው ጥሪውን ብቻ ነው።

ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ኪሳኩ ብቻ ጄሶ መስሎ ተቀምጧል። ክንዴን ጨምድዶ ይዞ፣ “ዋራሺና፣ መለከቴ ናት” አለኝ። “በጄሶ ተደፍና ነበር፤ ሻዩና የሚበሉት የኮመጠጠ የፍጁል ሥር ጄሶውን አጥበው አወጡት።”

በማግስቱ “ለምርመራ” ብሎ ቤቱ ጠራቸው፤ እኔንም ለድፍረት አስቀመጠኝ። ጥርሱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረገው። ከፊት ጥርሶቹ ኋላ፣ በሮዙ መሀል፣ መለከቷ አንገቷን አውጥታ ታበራለች።

“ደኅና ነው፣ ትንሽ ሞረድ ባደርገው…” ሲል፣ እትዬ ሃጊኖ ጥርሱን ነጥቀው አፋቸው ውስጥ መለሱት።

“ጆሮህ ቀላ።”

“ብርድ ነው፣ እትዬ።”

“ሦስተኛ ክፍልም ብርድ ነበር። ምን አጥፍተህ ነው?”

“አላጠፋሁም! እርስዎ ነዎት… ማለቴ… መለከቴ እርስዎ አፍ ውስጥ ናት።”

ነገሩን አንድ በአንድ ተናዘዘ። እሳቸውም መኪናውን አምጣ አሉ። መነጽራቸውን አድርገው፣ በጣታቸው ሳይነኩ፣ መለከቶቹን ቆጠሩ። “አሥራ አንድ።” ሲሉ ፉጨት አለች። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያመማቸው መስሎኝ ተነሣሁ። እየሳቁ ነበር።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሦስት ቀን ሌላ ጥርስ እሠራለሁ” አለ ኪሳኩ፣ ወለል ላይ ተደፍቶ። “ይህኛውን ይስጡኝ።”

“አልሰጥህም።”

“እትዬ?”

“አርባ ዓመት አስተምሬ፣ አሥር ዓመት ማኅበር መርቼ፣ ትናንት ገና ሰው ሰማኝ! ዛሬ ጠዋት ሄደህ የቆሻሻውን ቦታ አይተኸዋል? አንድ ጠርሙስ በስሕተት የጣለ የለም። እስከ አዲስ ዓመት ስብሰባ ድረስ ጥርሱ የእኔ ነው።”

እናም ኪሳኩ ትርኢቱ ላይ የቀረበው አሥራ አንድ መለከት ይዞ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሌሎች ሠላሳ መኪኖቹንም ደረደረ። ዳኛው ከሌላ ከተማ የመጣ፣ አጉሊ መነጽር የያዘ ቆፍጣና ሰው ነበር። ቀዩ መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየና፣ “ቀለሙ እንከን የለውም። ግን አንድ መለከት ጎድሎታል። የት ሄደ?” አለ።

የኪሳኩ ጆሮ ቀላ። እትዬ ሃጊኖ ሕዝቡን እየገፉ ወደፊት መጡ።

“አልጎደለም፤ እኔ ጋ ነው!” አሉና ፊታቸውን ዞር አድርገው፣ ጥርሳቸውን አውጥተው፣ በነጭ መሐረብ ላይ ከመኪናው ጎን አስቀመጡት።

ዳኛው አጉሊ መነጽሩን ከመኪናው ወደ ጥርሱ፣ ከጥርሱ ወደ መኪናው አመላለሰ። “ደንቡ ሁሉም ክፍል በቦታው ይሁን ይላል” አለ በመጨረሻ፤ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ትን አለው።

ሽልማቱን አንድ የባቡር ሠራተኛ ወሰደው። ወረፋው ግን እስከ መንገድ የተዘረጋው ኪሳኩ ጠረጴዛ ፊት ነበር። የሰፈሩ ጋዜጣም ፎቶ አወጣ፤ የጥርሱን ብቻ።

“አንድ ወር ለፋሁ” አለ ኪሳኩ፣ ጋዜጣውን እያየ። “የመኪናዬ ጎማ ዳር እንኳ የለበትም!”

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ኪሳኩ ደንግጦ አንደበቱ ስለተሳሰረ ለተመልካቹ መልስ ትሰጥ የነበረችው ቶሚኤ ናት። “ይኼ የስንት ዓመት መኪና ነው?”፣ “ያኛው ለምን ክንፉ ሰፋ?” ሲሏት ዓመቱን፣ ሞተሩን፣ የነዳውን፣ የት ላይ እንደተገለበጠ ጭምር ታስረዳለች። ኪሳኩ አፉን ከፍቶ ያያታል።

“አንቺ፣ ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?”

“ሃያ ዓመት በየሳምንቱ አቧራቸውን ማን የሚጠርግ መሰለህ? ደግሞ ሰማያዊዋን የኋላ ክንፏን አጣመህ ነው የለጠፍካት። እንዳላስቀይምህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።”

ኪሳኩ ሰማያዊዋን አንሥቶ በአንድ ዓይኑ አነጣጠረ። እውነትም ጠማማ ናት።

ለእትዬ ሃጊኖ ከአዲስ ዓመት በኋላ ዝም ያለ ጥርስ ተሠራላቸው፤ አልወደዱትም። ኪሳኩ ከአሮጌው ላይ መለከቷን ሲያወጣ መጋዙ ለሁለት ከፈላት፣ መኪናውም እንደ ጎደለ ቀረ። ኪሳኩ ሁለት ቀን አኮረፈ።

በሦስተኛው ቀን ቶሚኤ ኮቷን ለብሳ ወጣች፤ ስትመለስ ሱቄ ፊት ቆመች፤ በብብቷ አዲስ ካርቶን ይዛለች። ከፍታ አሳየችኝ፤ ባለ ስድስት ጎማ እሽቅድምድም መኪና ነው።

“ምነው ይኼን መረጡ?” አልኳት።

“የእኔ ባል አንዱን ቢጥለው አምስት ይተርፈኛል” አለችና ገባች። ብዙም ሳይቆይ በግድግዳው በኩል ስለ ቀለሙ ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው።